መልሴ እሑድ ነው

በቀደም በምማርበት የመስተንግዶ ኮሌጅ የተግባር ክፍል ውስጥ አንዷ ልጅ ፓሽን የሚባለውን ፍሬ ለሁለት ገምሳ በማር ውሃ ላይ ስትጨምቀው ሽታው እኔ ዘንድ ደረሰ። ቢላዬን አስቀምጬ ቆምኩ። መምህራችን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሰጠችን ሥራ የሠርግ ግብዣ ጠረጴዛ ማዘጋጀት ነው፤ ምግቡም፣ መጠጡም፣ ማስዋቢያውም አዲስ ሐሳብ ያለበት እንዲሆን ብላናለች። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች በዕድሜ የልጆቼ እኩያ ናቸው፤ «ማማ» እያሉ ነው የሚጠሩኝ፤ ሐሳባቸውን ሁሉ ከስልካቸው ላይ ያገኙታል። እኔ ግን ያን ሽታ እንዳሸተትኩ ስልክ መፈለግ አላስፈለገኝም። ማርና ፓሽን አንድ ላይ ሆነው ያሸተቱበትን ሌላ ቀን አውቀዋለሁና። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንት ነገር እንደ ተለወጠ ሳስብ ዓይኔ ውሃ አቀረረ፤ ልጅቷም የሽንኩርቱ መስሏት የእኔን ሽንኩርት ተቀብላ ከተፈችልኝ።

ያን ጊዜ የምኖረው እዚሁ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ነበር። ከሳውዝ ሲ መሀል ከተማ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ሃያ ሽልንግ ነው፤ ዝናብ ከጣለ ሠላሳ፤ ተሳፋሪው ካጉረመረመ ደግሞ ረዳቱ ሙዚቃውን ከፍ ያደርግና ማጉረምረሙን ያሰጥመዋል። ሞባይል ስልክ ገና ክብር ነበረው፤ በእጅ እንጂ በቦርሳ አይያዝም። የስልክ ካርድ ፍቀን ቁጥሩን ስናስገባ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ሴቶቹ ጫፉ የሾለ ጫማ፣ ከታች የሰፋ ሱሪ እንለብስ ነበር፤ ፀጉራችንን በመድኃኒት አስተኝተን ዝናብ ሲመጣ በፌስታል ሸፍነን እንሮጣለን። ካሴት በሲዲ እየተባረረ ነበርና በየመንገዱ ዳር የካሴት ክምር በርካሽ ይሸጥ ነበር፤ የኮንጎ ሙዚቃ ከአንዱ ሱቅ ይጀምርና ሌላው ሱቅ ደጃፍ ላይ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። አበባ ደግሞ ምን ያህል ርካሽ ነበር። ወደ ውጭ እንዳይላክ ግንዱ አጠረ የተባለ ጽጌረዳ በእቅፍ በእቅፍ ወደ ገበያ ይመጣል፤ ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ የያዝኩትን ያህል ታቅፌ ስመለስ የማታቱ ረዳቶች «ዛሬ ማን ነው የሚያገባሽ?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ዛሬ ያን አበባ የሚሸጡበት ቦታ ባንክ ሆኗል።

አበባውን የምገዛው ለእትዬ ጥሩወርቅ ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ ባሏ ናይሮቢ ላይ ሞቶባት ከአንድ ልጇ ጋር የቀረች ሴት ናት። በጓሮዋ በቆርቆሮ ባስቀጠለችው ወጥ ቤት ለከተማው ሐበሻ ሁሉ ታበስል ነበር፤ ለሩንዳና ለኪሌሌሽዋ ሰፈር የድርጅት ሠራተኞች፣ ለአየር መንገድ ሰዎች፣ ለነጋዴዎች፤ ክርስትና ቢሆን ምርቃት፣ ቀለበት ቢሆን ሠርግ። እኔ ጓሮዋ ያለችውን ክፍል ተከራይቼ በሳምንቱ ቀናት ቢሮ እየሠራሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠረጴዛና አበባ አስተካክልላት ነበር። ግብዣው ምንም ይሁን ምን በቤቱ ውስጥ ስሙ አንድ ነው፤ «ኦርደር»። የቅዳሜ ኦርደር፣ የሩንዳ ኦርደር፣ ትልቁ ኦርደር። እትዬ ጥሩወርቅ በሙያዋ አትደራደርም። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ቀይ አበባ፣ በቡፌው መሀል ዶሮ ወጥ፤ ለአንድ ሰው አንድ ሙሉ እንቁላል። እንቁላል ለሁለት ተከፍሎ ያየች ቀን ባለሠርጉን ትታ ወጥ ቤቱን ትገሥጻለች።

ልጇ ብሌን ትባላለች። አባቷ ከሞተ በኋላ እናቷ ሠርታ ለማሳደግ ስትል ከከተማ ውጪ ያለ ቦርዲንግ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገባቻት፤ በዕረፍት ብቻ ነው ቤት የምትመጣው። ስለዚህ አማርኛዋ የቤት አማርኛ ነበር፤ ከእናቷ ጋር የምታወራው፣ የምትለምነው፣ የምትቆጣው። ቁጣው ከጠነከረ ወደ እንግሊዝኛ ትሻገራለች፤ ሳቅ ከመጣባት ወደ ስዋሂሊ። ትምህርቷን ጨርሳ መሀል ከተማ ቲኬት የሚሸጥ ቢሮ ውስጥ ተቀጠረች፤ አንድ ቀንም የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር መሐንዲስ ይዛ መጣች። ከናይሮቢ ወጣ ብላ ያለችው የማቻኮስ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ትከሻው በሩን የሚሞላ፣ ድምፁ ግን ዝግ ያለ። ከእናቱ አገር አንድ ጄሪካን ማር ይዞ ነበር የመጣው። እትዬ ጥሩወርቅ ስሙን ጠየቀች።

«ሙቱዋ» አላት በሁለት እጁ እጇን ጨብጦ።

ወደ ልጇ ዞረች። «እኔ የሰው ልጅ ሙት እያልኩ አልጠራም። በቤቴ ሙሉ ነው የሚባለው።»

ብሌን እየሳቀች ተረጎመችለት፤ እሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሉ ተብሎ ሲጠራ ከተቀመጠበት እየተነሳ «አቤት ማማ» ማለት ተማረ። እትዬ ጥሩወርቅ ማሩን በጣቷ ቀምሳ ጥሩ ማር ነው አለች። ከዚያ በላይ ግን አንድም ቃል አልወጣትም። እሺም አላለች፣ እምቢም አላለች። ልጁ ሲመጣ ታበላዋለች፣ ሲሄድ እስከ በር ትሸኘዋለች፤ ብሌን «ምን አልሽ ታዲያ?» ስትላት ምስር መልቀም ትጀምራለች። ልቧ ያዘነው ለምን እንደሆነ እኔ አውቅ ነበር። ሠርጉ በእሱ ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን ልጆቹ ተስማምተው ነበር፤ እሷ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ስትድር ብሌንን በተክሊል ስታያት ነው የኖረችው። ይህን ለልጇ ማስረዳት አልቻለችም። ብሌንም ዝምታውን እንደ እምቢታ እየቆጠረች በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ትርቅ ነበር።

የሠርጉ ዝግጅት ሲጀመር ርቀቱ ወደ ወጥ ቤት ገባ። ግብዣው ሩንዳ ውስጥ የሙቱዋ አጎት በሚያስተዳድረው ግቢ ሣር ላይ እንዲሆን ተወሰነ፤ ብሌንም ከመጽሔት እየቀደደች ባሰባሰበችው ሥዕል ጠረጴዛውን ሞላችው። ዛሬ የክፍል ጓደኞቼ እንደ አዲስ የሚያሳዩኝን ነገር ብሌን ያኔ አስባው ነበር። ለጠረጴዛ ልብስ ካንጋ፣ የአገሩ ሴቶች የሚያገለድሙት ባለ ሥዕል ጨርቅ፤ እያንዳንዱ ጠረጴዛ የየራሱ ቀለም ያለው። ማንጎ ዛፉ ላይ የማርማላታ ጠርሙሶች ተንጠልጥለው በውስጣቸው ሻማ። ሱፉሪያ የሚሉት የወጥ ቤት ድስት እስኪያብረቀርቅ ታሽቶ፣ ውሃ ተሞልቶ፣ ጽጌረዳ ተንሳፍፎበት። በኬክ ፋንታ ሦስት ድፎ ዳቦ ከትልቅ ወደ ትንሽ ተደራርቦ። ፈንዲሻ በወረቀት ቀንድ። ለመጠጥ ጠጅ በፓሽን ጭማቂና በናና ቅጠል፣ በትንሽ ብርጭቆ፤ ለማይጠጣው የባሕር ዳርቻ ሰዎች የሚወዱት ቡናማው የኡክዋጁ፣ እኛ ሮቃ የምንለው ጭማቂ፤ ለልጆች ለጋ ኮኮናት። ሥጋውን የሙቱዋ አጎቶች በከሰል ይጠብሱታል። ዶሮ ወጡ ደግሞ በትንንሽ የሸክላ ስኒ።

«ዶሮ ወጥ በስኒ?» አለች እትዬ ጥሩወርቅ። «እንግዳውን ልታቀምሺው ነው ወይስ ልታበይው?»

«ሰው ቆሞ እያወራ እንዲበላ ነው እማዬ።»

«ቆሞ የሚበላ ፈረስ ነው።»

«ችግር የለም፤ ሩንዳ ሣር ሞልቷል» አለች ብሌን።

እኔ ሳልፈልግ ሳቅሁ። እትዬ ጥሩወርቅም ልትስቅ ነበር፤ አፏን ስትሰበስብ አይቻታለሁ። ነገር ግን እንቁላሉ ስኒው ውስጥ አይገባምና ለሁለት ይከፈላል ሲባል ተነሳች። ሙያዬን በስኒ አልሰፍርም፣ እኔ እንግዳ ሆኜ እመጣለሁ አለችና ወጣች። ብሌን ምግብ አቅራቢ ተከራየች። በከተማው የስንቱን ልጅ የዳረች ሴት የልጇን ሠርግ ሳታበስል ልትቀር ነው ተብሎ በየቤቱ ተወራ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። እኔ ካንጋዎቹን እተኩሳለሁ፤ እትዬ ጥሩወርቅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ብሌን ከሥራ በቀጥታ መጥታ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች፤ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም።

«እማዬ፣ ሙቱዋን ተቀብለሽዋል ወይስ አልተቀበልሽውም? ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። አንድ ቃል ንገሪኝ።»

እትዬ ጥሩወርቅ የያዘችውን ሽንኩርት ልጣ ጨረሰች። «መልሴ እሑድ ነው» አለች።

«እሑድ?»

«እሑድ። እዚሁ ቤት።»

«ከሠርጉ በኋላ?»

«ታዲያ ከሠርጉ በፊት ሊሆን ኖሯል?»

ብሌን የቦርሳዋን ማንጠልጠያ አስተካከለች። «እሺ» አለችና ሄደች። እኔ በደስታ ካውያውን ካንጋው ላይ ልረሳው ነበር። እናት መልስ ጠራች ማለት ነገሩ ሁሉ አለቀ ማለት ነው፤ ያልተቀበሉት አማች ለመልስ አይጠራም። የብሌን ፊት ሲገረጣ አይቻለሁ፤ ደስታው ድንገት ሆኖባት ነው አልኩ። እትዬ ጥሩወርቅም ልጇ ከወጣች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ያን ስኒ ከየት ነው የገዛችሁት ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ለብሌን እንዳልነግራት አስማለችኝ፤ ስታየው ትገረም አለች። ከዚያ ቁም ሳጥኗን ከፍታ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ለሙሽራው የተሠራ ካባ ነበር፤ ጥቁር ሆኖ ጠርዙ በወርቅማ ክር የተጠለፈ። አዲስ አበባ አሠርታ በአየር መንገድ ሰው እጅ ካስመጣችው ቆይቷል። የትከሻውን ልክ እንዴት አወቅሽው ብላት፣ አንድ ቀን ምሳ ሲበላ ወንበር ላይ የሰቀለውን ኮት በስንዝሯ ለክታ ነው። ለካስ እሺታዋ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

የቅዳሜው ሠርግ አምሮ ነበር። ናይሮቢ ላይ ዝናብ ካለፈ በኋላ የሚመጣው ያ ንጹሕ ብርሃን ሣሩ ላይ ወርዶ፣ ካንጋዎቹ ነፋስ ሲነካቸው ጫፋቸው እየተነሳ፣ የሙቱዋ አክስቶች እልልታቸው ከእኛ እልልታ ጋር ተቀላቅሎ የማን እንደሆነ ሳይለይ። ቆመው መብላት የጀመሩት የእኛ ሽማግሌዎች በኋላ ወንበር እየጎተቱ ተቀመጡ፤ ጠጁን በፓሽን ሲያዩ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ከዚያ ብርጭቆ መልሰው አስቀዱ። እትዬ ጥሩወርቅ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ከፊት ጠረጴዛ ተቀምጣ ነበር። ጠጁን ቀምሳ ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አነሳች። ይሄን ያሰበው ማን ነው አለችኝ። ልጅሽ ናት አልኳት። «ናናው በዝቷል» አለች፤ ሌላ ግን አልጠየቀችም፤ ጨርሳ ጠጣችው። ብሌን ከሩቅ እናቷን ስታይ፣ እናቷ ቀና ስትል ግን ዓይኗን ስታሸሽ ደጋግሜ አየሁ። ወደ ማታ ሲሸኙ ተሳሳሙ፤ ብሌን እናቷን አንገቷን አቅፋ ረጅም ጊዜ ቆየች። ነገ የሚገናኙ ሰዎች እንዲህ አይሰነባበቱም ብዬ አሰብኩ፤ ግን ሠርግ ነው፣ ሁሉም ነገር ይበዛል።

እሑድ ጠዋት የሳውዝ ሲ ቤት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። እትዬ ጥሩወርቅ ነጩን የጠረጴዛ ልብስ ትታ ካንጋ አንጥፋ ነበር። ሱፉሪያዎቿን አሽታ፣ ከሩንዳ የተረፈውን ጽጌረዳ አንሳፍፋ ነበር። ጠጁ በፓሽን ነው፤ ናናው ግን ቀንሷል። ዶሮ ወጡ በስኒ ቀርቧል። እንቁላሉን ሳይ አፌን ያዝኩ። ዓርብ ቀኑን ሙሉ በየጎረቤቱ ዞራ የቄብ እንቁላል ስትለቅም ውላ፣ ገና መጣል የጀመሩ ዶሮዎች የጣሉትን ያን ትንሹን፣ ሙሉውን እንቁላል ሳትከፍለው ስኒ ውስጥ አስቀምጣዋለች። «ስኒም ሆነ እንቁላሉም ሙሉ ሆነ» አለችኝ፤ እንደ ልጅ ደስ ብሏት። የልጇን ሐሳብ ተቀብላ በራሷ ሙያ አሻሽላዋለች።

የተጠራነው የእኛው ሰዎች ብቻ ነበርን። ጋሼ በላይ የሚባሉ ከአየር መንገድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ መራቂው ነበሩ። ሙሽሮቹ ሲዘገዩ፣ ዛሬ ካልዘገዩ መቼ ሊዘገዩ ነው ብለው አሳቁን። ሰዓቱ ሲሄድ ሳቁ ቀነሰ። ስልክ ስደውል ያቺ በስዋሂሊ የምትናገረው ሴትዮ የደወሉላቸው ደንበኛ አይገኙም ትላለች። ደጋግሜ ደወልኩ፤ ደጋግማ በትሕትና ነገረችኝ። ወጡ ቀዘቀዘ፤ ተሞቀ፤ ቀዘቀዘ። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ወደ እኔ ስልክ አንድ መልእክት መጣ፤ ሞምባሳ ነን፣ ደህና ነን፣ አታስቡ ይላል። ለጫጉላ ሊሄዱ የታቀደው ማክሰኞ ነበር፤ ያን ዕለት ጠዋት በአውቶቡስ ሄደዋል። መልእክቱን ለእትዬ ጥሩወርቅ ድምፄን አውጥቼ ማንበብ አልቻልኩም፤ ስልኩን ሰጠኋት። አንብባ መለሰችልኝ። «በሉ ብሉ፤ ምግብ ምን አደረገ» አለች ለእንግዶቹ። እነሱም በሉ። ድፎ ዳቦውን ግን ማንም ሊቆርሰው አልደፈረምና፣ እንግዶቹ ሲወጡ ሙሉውን ለሰፈሩ ዘበኞች ላከችው። ካባውን በነጩ ጨርቅ መልሳ ጠቀለለች።

ብሌን ከሞምባሳ ስትመለስ ወደ ሳውዝ ሲ አልመጣችም። ቢሮዋ ድረስ ሄጄ ለምን ቀረሽ ብዬ ጠይቄያት ነበር፤ አልቻልኩም፣ እሷም ታውቃለች አለችኝ፤ ዓይኗ ሲሞላ ደግሜ መጠየቅ ከበደኝ። እናትየዋም ጠርቻት ቀረች ከማለት በቀር ምንም አትልም። ሁለቱም አንዳቸው የሌላውን ልብ በሚገባ ያወቁ መስሏቸው ነበርና የሚጠያየቁት ነገር አልነበራቸውም። በዓል ሲሆን ይደዋወላሉ፤ ጤና ይጠያየቃሉ፤ ልጅ ሲወለድ ፎቶ ይላካል። እትዬ ጥሩወርቅ ኦርደር መቀበል ቀስ በቀስ ተወች፤ ሠርግ ሲሆን እጄን ያመኛል ትላለች። ከተማው በምርጫ ሰበብ በተረበሸበት ዓመት ማግስት ድስቶቿን ለሰው አከፋፍላ አዲስ አበባ ገባች። አየር ማረፊያ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ብሌን ልጇ ታሞባት ቀረች። የሳውዝ ሲው ቤት ፈርሶ አሁን በቦታው ፎቅ ቆሟል፤ አንዳንድ ጊዜ በማታቱ ሳልፍ የጓሮው ወጥ ቤት የነበረበትን ለመገመት እሞክራለሁ፤ መኪና ማቆሚያው መሰለኝ።

እንግዲህ ለኮሌጁ ጠረጴዛ ሳስብ ሌላ ነገር አልታሰበኝም። መምህራችን እያንዳንዱ ተማሪ አንድ እንግዳ መጋበዝ ይችላል ስትል ብሌንን ጋበዝኳት። በፀጉሯ ግራና ቀኝ ሽበት ገብቷል፤ የበኩር ልጇ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው። ካንጋውን፣ ስኒውን፣ ጠጁን ስታይ ሳቀች። ይሄማ የእኔ ሠርግ ነው አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ስኒውን አየችና እንቁላሉ ግን እንዲህ ሙሉ አልነበረም፣ ቆርጠነው ነበር አለች።

«ልክ ነሽ» አልኳት። «ይሄ የሠርግሽ አይደለም፤ የመልስሽ ነው። እናትሽ ያን እሑድ ያዘጋጀችው።»

«የምን መልስ?»

«የመልስሽ ነዋ። ሐሙስ ዕለት እዚያው እኔ ባለሁበት መልሴ እሑድ ነው አላለችሽም?»

ፊቷን ሳየው ያ የሐሙሱ ፊት ነበር። መልስ ምንድን ነው አለችኝ፤ በጣም ቀስ ብላ። ነገርኳት። የሙሽራዋ ቤተሰብ ልጁንና አማቹን ጠርቶ የሚያበላበት ግብዣ መሆኑን፣ ካባ የሚለበስበት፣ ዳቦ የሚቆረስበት። እየነገርኳት ሳለሁ ነው እኔም የገባኝ። በዚያ ዘመን ናይሮቢ ውስጥ አዳራሽ የሚከራየው ለአንድ ቀን ነበር፤ ሰዉም ሰኞ ሥራ ይገባል፤ ሁሉን በወጉ ማድረግ የሚፈልግ አዲስ አበባ ሄዶ ነው የሚያገባው። መልስ የተባለ ነገር ቢደረግም እንኳ በእነሱ ቤት ስሙ ኦርደር ነው። ለቦርዲንግ ልጅ መልስ ማለት የጥያቄ መልስ ነው፤ ወይም ከማታቱ ረዳት የምትቀበለው ሳንቲም።

ብሌን ወንበር ስባ ተቀመጠች። እናቴ ጥያቄዬን ከሠርጉ በኋላ ልትመልስ ቀጠሮ የሰጠችኝ መሰለኝ አለች። ሠርጉ ላይ ደግሞ ጋሼ በላይ ጠጋ ብለው ነገ መልሱ ላይ እንገናኝ አሏት። ሽማግሌዎቹን ሰብስባ በሰው ፊት አልተቀበልኩትም ልትል ነው ብላ ፈራች። ሙቱዋን እዚያ ወስጄ ላቆመው አልቻልኩም አለች። ጠዋት ቀድማ ነቅታ አውቶቡስ ጣቢያ ይዛው ሄደች። ስለ ካባው ነገርኳት፤ በስንዝር ስለተለካው ኮት። ያን ጊዜ ነው እጇን አፏ ላይ አድርጋ ያለቀሰችው። ተማሪዎቹ አይተው እንዳላዩ ሆኑ፤ አንዷ ብርጭቆ ውሃ አምጥታ አጠገቧ አስቀምጣ ሄደች።

ሲወጣላት ስልኳን አውጥታ አዲስ አበባ ደወለች፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። እትዬ ጥሩወርቅ ጆሮዋ ደከም ብሏል፤ ምን ሆናችሁ፣ ሰው ታመመ እንዴ አለች። ብሌን አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ሳትቀላቅል ሁሉን ከመጀመሪያው ነገረቻት፤ ሐሙሱን፣ በሩን፣ የሰማችውን፣ የፈራችውን። በዚያኛው ጫፍ የሆነ ሬዲዮ ይሰማ ነበር፤ ተዘጋ።

«ቃሉን አላውቀውም ነበር እማዬ» አለች ብሌን መጨረሻ ላይ።

«አላስተማርኩሽማ» አለች እትዬ ጥሩወርቅ። «ለሰው ሁሉ ሠራሁት፤ ላንቺ አላስተማርኩሽም።»

ብሌን ቶሎ ብላ፣ ነገሩ ሊያመልጣት እንዳለ ሰው፣ በሚቀጥለው ዕረፍት እንመጣለን፣ እዚያው ቤትሽ መልሱን እናደርገዋለን፣ አንቺ ቁጭ በይ፣ ወጡንም ዳቦውንም እኔ እሠራለሁ አለች። እናቷ እስክትጨርስ ሰማቻት።

«መልስ ሙሽራ አታበስለውም ልጄ። እናት ናት። የእኔ እጅ ደግሞ አሁን ድስት አይችልም።»

ከኋላችን መምህራችን ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረች ነጥብ ስትሰጥ ይሰማል።

«ብቻ ኑ» አለች እትዬ ጥሩወርቅ። ነይ አላለቻትም። ኑ ነው ያለችው።